ፎርትራንን ከማሰናበታችን በፊት ላይብረሪ ማገናኘትን እናስተምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ትምህርት ከወጡት አስተያየቶች አንዱ፣ ፎርትራን ጊዜው ያለፈበት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ስለሆነ ከሳይንስና ከምህንድስና ተማሪዎች ሥርዓተ ትምህርት ይውጣ የሚል ነበር። ጸሐፊው ለተማሪዎች ተቆርቁረው እንደ ጻፉት አልጠራጠርም፤ በፎርትራን የሚሠራ ተማሪ ቀናቱን በከንቱ ሲያባክን ማየታቸውም እውነት ነው። እኔ ግን ኒውሜሪካል ሜተድስ የሚባለውን ትምህርት፣ ማለትም የሒሳብ ጥያቄን በኮምፒውተር በቁጥር የማስላትን ዘዴ፣ ለረጅም ዓመታት አስተምሬ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ቀናቱን የሚበላው ቋንቋው አለመሆኑን በተደጋጋሚ አያለሁ። መኖሪያዬ አራት ኪሎ በመሆኑ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጡልኛል፤ አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸውም ፕሮግራም መጻፍ ሳይሆን፣ የጻፉትን ፕሮግራም ሌሎች ከጻፉት የሒሳብ ላይብረሪ፣ ማለትም ከተዘጋጁ የስሌት ፕሮግራሞች ስብስብ፣ ጋር ማገናኘት ነው። ይህን ያስተማራቸው የለም። እኔም በክፍል ውስጥ በነበርሁባቸው ዓመታት ለጉዳዩ የሚገባውን ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ጸጸት ነው።

ባለፈው ጥር አንዲት የማስተርስ ተማሪ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ውላ፣ ሊመሻሽ ሲል አራት ኪሎ ከሚገኝ አንድ ካፌ መጥታ አገኘችኝ። ጥናቷ የከርሰ ምድር ውሃ እንቅስቃሴን የሚመለከት ሲሆን፣ ፕሮግራሟ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ መፈታት ያለባቸው በርካታ ሊኒየር እኩልታዎች ላይ ይደርሳል። ገና ሻይ ሳታዝዝ ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችኝ። ስክሪኑ ላይ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ»፣ ማለትም የተጠራው ስም አልተገኘም፣ የሚል መልእክት ይታያል፤ ቀጥሎም ዲጂኢኤስቪ የሚለው፣ ላፓክ ከተባለው የሒሳብ ላይብረሪ ውስጥ እኩልታ የሚፈታው ክፍል ስም፣ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ተጽፎ፣ ከኋላው የግርጌ ሰረዝ ተቀጥሎበታል።

«ጋሼ፣ ላፓክ እኮ ተጭኗል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ አያገኘውም» አለችኝ። ሦስት ቀን እንደ ፈጀባት ነገረችኝና፣ «በቃ ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ጋውስ ኤሊሚኔሽን ሠላሳ መስመር አይሞላም» ብላ ጨመረች፤ እኩልታዎችን አንዱን ከሌላው እየቀነሱ የመፍታቱን የታወቀ ዘዴ ማለቷ ነው።

«እስቲ መጀመሪያ የጻፍሽውን ትእዛዝ አሳዪኝ» አልኋት።

ትእዛዟ የፎርትራን ኮምፓይለሩን ስም ጂፎርትራን ብሎ ይጀምርና ሰረዝ ኤል ብላስ፣ ሰረዝ ኤል ላፓክ ብሎ ላይብረሪዎቹን ከጠራ በኋላ (ብላስ ላፓክ ራሱ የሚጠቀምበት ሌላ ላይብረሪ ነው) የፕሮግራሟን ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያደርጋል። የፋይሉን ስም ወደ ፊት አምጥታ፣ ከእሱ ቀጥሎ ላፓክን፣ ከላፓክ ቀጥሎ ብላስን እንድትጽፍ ነገርኋት። ኢንተር ተጫነች፤ ምንም የስህተት መልእክት ሳይወጣ ቀጣዩ ባዶ መስመር መጣ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ቅደም ተከተል ብቻ ነው?» አለች። እንባ ተናንቋት ነበር። ሦስቱ ቀናት የፎርትራን ጥፋት አልነበሩም፤ የተማሪዋም ጥፋት አልነበሩም። ማንም ያልነገራትን ነገር ልታውቅ አትችልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚያየው የተሰጠውን ፋይል ብቻ ነው። ያንን አንብቦ ወደ ማሽን ትእዛዝ ይለውጥና ኦብጀክት ፋይል የሚባለውን ያወጣል። በመሀል «ዲጂኢኤስቪን ጥራ» የሚል መስመር ሲያጋጥመው ዲጂኢኤስቪ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለም አያውቅም፤ ስሙን ጽፎ ቦታውን ክፍት ይተወዋል። ጂፎርትራን ስሙን ሲጽፍ ወደ ትንንሽ ፊደላት ለውጦ ከኋላው አንድ የግርጌ ሰረዝ ይጨምርበታል፤ ተማሪዋ ያልጻፈችው ሰረዝ ስክሪኑ ላይ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ክፍት የቀሩትን ቦታዎች የሚሞላው ሌላ ፕሮግራም፣ ሊንከር የሚባለው ነው። ስለዚህ የስህተቱ መልእክት ከየትኛው እንደ መጣ ለይቶ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው፤ ኮምፓይለሩ ከተቆጣ ጽሑፍህን እይ፣ ሊንከሩ ከተቆጣ ግን ጽሑፍህን ትተህ ትእዛዝህን እይ።

ሊንከር ትእዛዙን የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ በመንገዱም የሚያስፈልጉትን ስሞች በዝርዝር ይዞ ይሄዳል። አንድ ላይብረሪ ጋ ሲደርስ በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም እዚያ ካገኘ ይወስዳል፤ ካላገኘ አልፎ ይሄዳል፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ልጅን ወደ ገበያ ልከን፣ የቅመም ተራውን ካለፈ በኋላ በርበሬ እንዲገዛ ብንነግረውና ልጁም ፈጽሞ ወደ ኋላ የማይመለስ ቢሆን፣ ቤት የሚገባው ያለ በርበሬ ነው። የተማሪዋ ትእዛዝም እንደዚሁ ነበር፤ ሊንከሩ ብላስና ላፓክን ሲያልፍ ገና ምንም የሚፈልገው ስም አልነበረውም፤ ፕሮግራሟ ጋ ደርሶ ዲጂኢኤስቪ እንደሚያስፈልግ ሲረዳ ላይብረሪዎቹ አልፈዋል። ዛሬ ብዙ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ኡቡንቱ ሊኑክስ እስከዚያች ነጥብ ድረስ ያልተፈለገን ላይብረሪ እንዲተው ሆኖ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ በሌላ ማሽን ላይ ያለችግር ያለፈ ትእዛዝ እዚህ ሊወድቅ ይችላል። ላፓክ ከብላስ የሚቀድመውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ላፓክ ሥራውን የሚሠራው ብላስን እየጠራ ስለሆነ ፍላጎቱ የሚታወቀው እርሱ ከተነበበ በኋላ ነው።

ስሙ ራሱ ሲያዩት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ሲፈቱት ግን ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው ፊደል የቁጥሩን ዓይነት ይናገራል፤ ኤስ ከሆነ በ4 ባይት የሚቀመጥ፣ ዲ ከሆነ በ8 ባይት የሚቀመጥ ቁጥር ማለት ነው፤ ሲ እና ዜድ ለኮምፕሌክስ ቁጥሮች ናቸው። ጂኢ የሚሉት ሁለት ፊደላት ማትሪክሱ፣ ማለትም የእኩልታዎቹ ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ፣ ልዩ ጠባይ የሌለው ተራ ማትሪክስ መሆኑን፣ ኤስቪ ደግሞ እኩልታው እንዲፈታ መጠየቁን ያመለክታሉ። ስሞቹ እንዲህ ያጠሩት ፎርትራን 66ም ሆነ ፎርትራን 77 ከስድስት ፊደል በላይ የሆነ ስም ስለማይፈቅዱ ነው። ይህንን ለተማሪ መንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው የላይብረሪውን ዝርዝር እንደ መዝገበ ቃላት ማንበብ ይችላል።

አሁን ተማሪዋ «ራሴ እጽፈዋለሁ» ወዳለችው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነውና። በመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው ሠላሳ መስመር ጋውስ ኤሊሚኔሽን ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ በወረቀት ላይ ሁለት እኩልታዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው 0.0001 ጊዜ ሀ ሲደመር ለ እኩል ይሆናል 1፣ ሁለተኛው ሀ ሲደመር ለ እኩል ይሆናል 2 ይላል። መልሱ ሀ 1.0001 ገደማ፣ ለ ደግሞ 0.9999 ገደማ ነው። አሁን ሦስት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ማሽን አለን እንበልና የመጀመሪያውን እኩልታ በ10000 አባዝተን ከሁለተኛው እንቀንስ። ከለ ፊት የሚቀረው ቁጥር ከ9999 ተነሥቶ ወደ 10000 ይጠጋጋል፤ በሌላው ወገን የሚቀረው 9998ም እንዲሁ ወደ 10000 ይጠጋጋል፤ ስለዚህ ለ 1 ይሆናል። ይህን ወደ መጀመሪያው እኩልታ ብንመልሰው ሀ ዜሮ ይወጣል። ትክክለኛው መልስ 1 ገደማ የሆነ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ወጣ ማለት ነው፤ ማሽኑም ምንም ስህተት አይናገርም። ሁለቱን እኩልታዎች ቦታ አለዋውጠን ብንጀምር ኖሮ ያው ሦስት አኃዝ የሚይዝ ማሽን ሀንም ለንም 1 ብሎ ይሰጠን ነበር።

ይህ የረድፍ ማለዋወጥ ፒቮቲንግ ይባላል፤ ዲጂኢኤስቪ በየደረጃው ያደርገዋል፤ ከትእዛዙ ግቤቶች አንዱ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ጋር እንደ ተለዋወጠ የሚመዘገብበት ነው። 8 ባይት ያለው ቁጥር ወደ 16 አኃዝ ስለሚይዝ ስህተቱ ቶሎ አይታይም እንጂ አይቀርም። የላፓክ ጸሐፊዎች ከዚህም ሌላ ብዙ ወጥመዶችን አልፈዋል፤ ቁጥሩ ከመጠን በላይ ሲያድግ፣ ከመጠን በላይ ሲያንስ፣ ማትሪክሱ ሊፈታ የማይችል ሲሆን ምን እንደሚደረግ በጥንቃቄ ጽፈውታል። የመጨረሻው ግቤት፣ ኢንፎ የሚባለው፣ ዜሮ ሆኖ ከተመለሰ ስሌቱ እስከ መጨረሻው ሄዷል፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ በመንገድ ላይ ፍጹም ዜሮ የሆነ አካፋይ ስለ ተገኘ መልሱ አልተሰላም፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ከሰጠነው ግቤት አንዱ የተሳሳተ ነው። ይህን ቁጥር ጠርቶ የሚያይ የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮግራም እጅግ ጥቂት አይቻለሁ።

ላይብረሪዎቹ ከየት እንደ መጡ ማወቅም ለተማሪው እምነት ይሰጠዋል። ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ጆን ባከስ በመሩት የአይቢኤም ቡድን ለአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ቀረበ። ብዙ ሳይቆይ ሊቃውንቱ ተመሳሳይ ስሌት በየቤተ ሙከራው እንደገና እየተጻፈ እንደሚባክን አዩ። በ1970 በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ላይ የናግ ላይብረሪ ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያም በአሜሪካ አይስፓክና ሊንፓክ የተባሉት ተከተሉ፤ ብላስ በ1979 ታተመ፤ ሊንፓክንና አይስፓክን አንድ አድርጎ ለአዳዲሶቹ ማሽኖች እንዲስማማ የተጻፈው ላፓክ በ1992 ለሕዝብ ቀረበ። ከዋና ጸሐፊዎቹ አንዱ የሆኑት ጃክ ዶንጋራ የ2021ን የቱሪንግ ሽልማት ያገኙት በዚሁ የሒሳብ ላይብረሪ ሥራቸው ነው። ናግ የሚሸጥ ነው፤ ላፓክ ግን ኔትሊብ ከተባለው ማኅደር ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ ምንጭ ኮዱን ጭምር የሚያገኘው ነው። የውጭ ምንዛሪ በሚቸግረን አገር ውስጥ እንዲህ ያለው ሀብት በነጻ ተቀምጦ ሳለ፣ ማገናኘት ባለመቻላችን ብቻ ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያሳዝነኛል።

የአስተያየቱ ጸሐፊ በፎርትራን ፈንታ ፓይተን ይበቃል ብለዋል። ፓይተንን እወደዋለሁ፤ ለተማሪም እመክራለሁ። ነገር ግን ተማሪው ነምፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ሊኒየር እኩልታ ሲፈታ ከሥር የሚጠራው ያንኑ የላፓክ ጂኢኤስቪን ነው። አር የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራምም በብላስና በላፓክ ላይ የቆመ ነው። ማትላብ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ራሱ ሲጀመር ክሊቭ ሞለር ተማሪዎቻቸው ፎርትራን ሳይጽፉ ሊንፓክንና አይስፓክን እንዲጠቀሙ ብለው በፎርትራን የጻፉት ነበር። ከዚህም ሌላ ለአየር ትንበያ የሚያገለግለው ደብሊውአርኤፍ፣ በተፋሰስ ጥናት የሚታወቀው ስዋት፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠናበት ሞድፍሎው፣ የፊዚክስ ተማሪዎቻችን የሚጠቀሙበት ኳንተም ኤስፕሬሶ በፎርትራን የተጻፉ ናቸው። የክረምት ዝናብን፣ የዓባይን ተፋሰስ ወይም የጉድጓድ ውሃን የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ከፎርትራን ሊሸሽ አይችልም፤ ያለው ምርጫ አውቆ መጠቀም ወይም ሳያውቅ መጠቀም ነው።

ሳያውቁ መጠቀም ምን እንደሚያስከትል አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውሃ ጋር የተያያዘ ሥራ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አሮጌ የፎርትራን ፕሮግራሙን ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንዲያዛውር ለአንድ ወጣት ባለሙያ ሰጠው። ወጣቱ ትጉህ ነበር። የቁጥሮቹን ትክክለኝነት ለማሻሻል አስቦ ኮምፓይለሩ ሪያል የተባለውን ቁጥር ሁሉ ከ4 ባይት ወደ 8 ባይት እንዲያሳድግ የሚያደርገውን አማራጭ ትእዛዙ ላይ ጨመረ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን የሚጠራው ኤስጂኢኤስቪን፣ ማለትም 4 ባይት ቁጥር የሚጠብቀውን ወንድም ነበር። ኮምፓይለሩ አልተቆጣም፤ ሊንከሩም አልተቆጣም። ፕሮግራሙ ሠራ፤ ሠንጠረዥም አወጣ።

እኔ ስጠራ ሠንጠረዡ ለሪፖርት ተዘጋጅቶ ነበር። ጥቂቶቹ ቁጥሮች ማንም የሚስቅባቸው ነበሩ፤ የሚያስፈሩት ግን ልክ የሚመስሉት ነበሩ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ከፈለግን በኋላ፣ ወደ ላይብረሪው ከመግባታቸው በፊትና ከወጡ በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስናሳትም ነገሩ ታየ። በ8 ባይት የተቀመጠ 1 በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ እንደ ሁለት የ4 ባይት ቁጥሮች ሲነበብ 0 እና 1.875 ይሆናል። 2 ደግሞ 0 እና 2 ሆኖ ይነበባል። ላይብረሪው በየመሀሉ ዜሮ የተሰገሰገበት፣ ከትክክለኛው ማትሪክስ ግማሹን ብቻ የያዘ ሌላ ማትሪክስ ተቀብሎ ያንን በትጋት ፈትቶ ሰጠ። ሊንከር የሚያውቀው ስምን ነው፤ ስሙ ከገጠመ በስሙ በኩል የሚያልፈው ቁጥር 4 ባይት ይሁን 8 ባይት አይጠይቅም። ወጣቱ ጥሪውን ወደ ዲጂኢኤስቪ ቀየረውና ሠንጠረዡ እንደገና ተሠራ። ጊዜ ባይኖር ኖሮ ግን በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ የሆነ ቦታ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

ከዚህ የሚጠብቅ መንገድ አለ። ከፎርትራን 90 ወዲህ የሚጠራውን ንዑስ ፕሮግራም ግቤቶች በኢንተርፌስ ወይም በሞጁል ማሳወቅ ስለሚቻል፣ ኮምፓይለሩ ዓይነታቸውን ራሱ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 10ኛው ጂሲሲም፣ ማለትም ጂፎርትራንን የያዘው የኮምፓይለሮች ስብስብ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ጥሪዎችን እንደ ስህተት መቁጠር ጀምሯል። የሚያሳዝነው ብዙ ተማሪዎች ይህ መልእክት ሲመጣባቸው ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ የሚያፍነውን አማራጭ ፈልገው ይጨምራሉ። ከጓደኛ ጓደኛ በቴሌግራም የሚተላለፈው ትእዛዝ ሳይቀር ይህን አፋኝ ይዞ ነው የሚዞረው።

የፕሮግራሙን የተጠናቀቀ ፋይል ብቻ በፍላሽ እየገለበጡ መቀባበልም ሌላው ችግር ነው። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ያ ፋይል ሲነሣ የፎርትራንን የራሱን ላይብረሪ በትክክለኛው የስሪት ቁጥር ይፈልጋል፤ አሮጌው 3ን ሲጠይቅ አዲሱ ማሽን 5ን ከያዘ አይነሣም። ኤልዲዲ የተባለው አጭር ትእዛዝ ምን እንደ ጎደለ ወዲያው ያሳያል። ምንጭ ኮዱ ካለ እንደገና መሥራት የሻይ ዕረፍት ያህል ጊዜ ነው፤ ከሌለ ግን የዓመታት ሥራ እዚያው ያበቃል። ደብሊውአርኤፍን ለመጫን የሞከረ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል፤ የሞጁል ፋይሎች በተለያዩ ኮምፓይለሮች መካከል ስለማይግባቡ፣ ኔትሲዲኤፍ የተባለው ላይብረሪ በአንድ ኮምፓይለር፣ ሞዴሉ በሌላ ከተሠራ አይገናኙም።

ስለ ፍጥነት ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን ይህ ይመስለኛልና። 1000 በ1000 የሆነ ማትሪክስ በ8 ባይት ቁጥር 8 ሚሊዮን ባይት ይይዛል፤ እሱን ለመፍታት ወደ 670 ሚሊዮን ገደማ የማባዛትና የመደመር ሥራ ያስፈልጋል። የማትሪክሱ ጎን እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጎኑ 10000 ሲደርስ ማትሪክሱ 800 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ይህም ከማሽኑ ፈጣን ማስቀመጫ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ጊዜውን የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን ቁጥሮቹን ከዋናው ሜሞሪ እያመላለሱ ማምጣቱ ነው። ከኔትሊብ የሚገኘው መሠረታዊ ብላስ ለትክክለኛነት እንጂ ለፍጥነት የተጻፈ አይደለም። ካዙሺጌ ጎቶ የተባሉት ጃፓናዊ ከጻፉት ሥራ የተወለደው ኦፕንብላስ ግን ማትሪክሱን በትንንሽ ብሎክ እየቆራረጠ፣ አንድ ጊዜ የመጣውን ቁጥር ደጋግሞ ከተጠቀመበት በኋላ ብቻ ይመልሰዋል። ስሞቹ ያው ስለሆኑ ከፕሮግራሙ አንዲት ፊደል ሳይቀየር፣ ሊንክ ሲደረግ ላይብረሪው ብቻ ይለወጥና ሥራው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

መብራት ጠፍቶ የሁለት ቀን ስሌት የጠፋበት ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳኛል። ስሌቱ ከሌሊት ወደ ግማሽ ሰዓት ከወረደ፣ በላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ፈቃድ አልተከፈለም። በራሱ የሚጽፈው ክፍል ላይም አንዲት ነገር ከጨመረ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ፎርትራን ማትሪክስን በዓምድ በዓምድ እንጂ እንደ ሲ ቋንቋ በረድፍ በረድፍ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ የውስጠኛው ዙር በረድፍ ቁጥሩ ላይ መሄድ አለበት። ሁለቱን ዙሮች ማለዋወጥ ብቻ በትልቅ ማትሪክስ ላይ ልዩነቱን በሰዓት ይዘው የሚለኩት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኒውሜሪካል ሜተድስ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ፣ አራት ኪሎም ሆነ አምስት ኪሎ ወይም ከአዲስ አበባ ውጭ፣ አንድ ከሰዓት ለሊንክ ብቻ ይሰጥ። ተማሪው ሆን ብሎ ትእዛዙን አዛብቶ ስህተቱን ይይ፤ ኤንኤም በተባለው ትእዛዝ የኦብጀክት ፋይሉን ከፍቶ የጎደለውን ስም በዓይኑ ይመልከት፤ ከዚያ ያስተካክል። ራሱ የጻፈውን ጋውስና ዲጂኢኤስቪን በአንድ ማትሪክስ ላይ አወዳድሮ፣ መልሱን ወደ እኩልታው መልሶ የሚቀረውን ልዩነት ያስላ። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎችም ተማሪው የኮምፓይለሩን ስሪት፣ የላይብረሪውን ስምና ስሪት፣ የተጠቀመበትን ትእዛዝ እንዳለ በአባሪ እንዲያስገባ ቢጠይቁ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ይህ የተማሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስሌት የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችም ከአማካሪ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ የተጠናቀቀውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ምንጭ ኮዱንና የአሠራር ትእዛዙን እንዲረከቡ በውሉ ቢያስገቡ ይበጃቸዋል።

በመጨረሻም ለአስተያየቱ ጸሐፊ አንድ ነገር ልበል። አዲስ ፕሮግራም ሁሉ በፎርትራን ይጻፍ አላልሁም፤ እንዲህ ብዬ አላስተማርሁምም። ለተማሪዎቻችን ያሰቡት ድካም ግን ቋንቋውን በመሰረዝ አይቀርም፤ ሳይፓይ የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት የሞከረ ተማሪ ያንኑ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ያገኘዋል።

በጡረታ ዘመኔ ለዚሁ ትምህርት ያዘጋጀሁት መለማመጃ አለኝ፤ ሁለት ገጽ ሲሆን ትእዛዞቹን፣ ሆን ተብለው የተዛቡትን ምሳሌዎችና መልሶቻቸውን ይዟል። የዝግጅት ክፍሉ ፈቃዱ ከሆነ አንድ ቅጂ ለጋዜጣው ቢሮ አደርሳለሁ፤ የሚፈልግ መምህርም ከዚያ ወስዶ ማባዛት ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛ የኒውሜሪካል ሜተድስ መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ